ከአውድማ እስከ አዳማ፦ የነፋስ ታሪካችን

ታኅሣሥ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ በአዲስ አበባ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ መራዊ ትደርሳላችሁ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ጤፍ የተከመረበት አውድማ አይጠፋም። በሬዎቹ ሲያበራዩ አርፍደው ተፈትተዋል። ጭዱ በመንሽ ተነሥቷል። በእበት በተለቀለቀው አውድማ መሀል የቀረው ፍሬና እብቅ የተደባለቀበት ክምር ነው። ገበሬው ላይዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለሚያየው ሥራ የፈታ ይመስላል። አልፈታም፤ እየጠበቀ ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ሰው አይደለም፤ ነፋስ ነው።

አልፎ አልፎ ጭብጥ እብቅ አንሥቶ ወደ ላይ ይለቃል። እብቁ ቀጥ ብሎ እግሩ ሥር ከወደቀ ገና ነው። ወደ ጎን ከሄደ ግን «መጣ!» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታ የለም። ላይዳው ምርቱን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ከባዱ ፍሬ ባለበት ይወርዳል፤ ቀላሉ እብቅ ወደ ማዶ ይሄዳል። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ቆጣሪ የለ፣ የወሩ ሒሳብ የለ። እኛ ከተማ ተቀምጠን ስንከራከር «እስቲ ፍሬውን ከገለባው እንለይ» የምንለው ከዚህ ቦታ የተዋስነውን ነው።

ታዲያ «የነፋስ ኃይል» ሲባል ለምን ይሆን ሁላችንም በአዳማ መንገድ ላይ በአውቶቡስ መስኮት የምናያቸውን ነጫጭ ግዙፍ ማማዎች ብቻ የምናስበው? ነገሩ ትናንት ከውጭ ተጭኖ የመጣ ይመስለናል። ማማዎቹ በእርግጥ ከውጭ መጥተዋል። ነፋስን ሥራ ማሠራት ግን አዲስ አይደለም፤ በዚህ ሀገር ከብዙዎቹ ከተሞቻችን ይበልጣል፣ በዕድሜ። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን የቆየ ትውውቅ ወደ ኋላ ሄደን እናየዋለን። በመሀሉ አንድ የማይመች ጥያቄ አለ፤ እሱንም አናልፈውም።

ለመሆኑ ከየት ይመጣል?

ልጅ ሆነን ይህን ጥያቄ ለአያቶቻችን ስናቀርብ የምናገኘው መልስ አጭር ነበር፤ «ከእግዜር»። የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ደግሞ ነፋስ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ እንደሆነ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ጋር ሆኖ የሰው ሥጋ የተሠራበት እንደሆነ ተምሯል። ጎጃም የቅኔ ሀገር ነውና የቅኔ ተማሪ አንድ ነገር ይጨምርላችኋል፤ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ ትንፋሽ ሁሉም ከአንድ የግእዝ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በመካከላቸው ነፋስ ገባ» እንላለን። ሽቦ የሌለው የሬዲዮ ግንኙነት አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ «የንፋስ ስልክ» አለው፤ ሰፈሩም ንፋስ ስልክ ሆኖ ቀረ። ጋይንት ላይ ደግሞ ንፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለን። የማይታየውን ነገር ለመጥራት ቋንቋችን ሰንፎ አያውቅም።

የሳይንሱ መልስ አንድ ቃል ነው፤ ፀሐይ። ፀሐይ ምድርን እኩል አታሞቅም። የሞቀ አየር ይለጠጣል፣ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። የለቀቀውን ቦታ ለመያዝ ቀዝቀዝ ያለው ከባድ አየር ከጎን ይመጣል። ይህ መምጣት ነው ነፋስ። ጎጆ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጭሱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ በበሩ ሥር ቀዝቃዛ አየር ሾልኮ ይገባና እግር ይነካል። ምድርም እንደ ትልቅ ጎጆ ናት።

የመራዊው ገበሬ ጠዋት ለምን ላይዳ እንደማያነሣም ከዚህ ይገባናል። ጠዋት መሬቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ተኝቷል። ረፋዱ አልፎ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው አየሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የጣና ባለ ታንኳዎችና ባለ ጀልባዎች ይህንኑ ከሌላ በኩል ያውቁታል። ወደ ገዳማቱ ለመሻገር ጠዋቱን ይመርጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያስነሣዋልና። የብስ ከውኃ ፈጥኖ ይሞቃል፤ የሐይቁ ዳር ነፋስ የሚወለደው ከዚህ ልዩነት ነው። ለአውድማው በረከት የሆነው ሰዓት ለታንኳው ስጋት ነው።

ትልቁ ነፋስ ደግሞ ወቅት ጠብቆ ነው የሚዞረው። በክረምት የፀሐይዋ ሙቀት ወደ ሰሜን ሲያደላ የዝናቡ ቀበቶ አብሮ ይመጣና ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ወደ ደጋችን ይወጣል። ተራራ ሲገጥመው ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጭነቱን ይጥላል። በበጋ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ደረቁ ይነፍሳል። ስለዚህ በሰከላ ግሽ ዓባይ ላይ የሚፈልቀው ውኃ፣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ የሚያጠራቅመው፣ ጣና የሚሞላበት፣ ዓባይ የሚወስደው ሁሉ በመጀመሪያ በነፋስ ጀርባ ተጭኖ የመጣ ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሸራ የዘረጉት

አውድማው የነፋስ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሁለተኛው ባሕሩ ነበር። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው የቀይ ባሕር ዳርቻ የነበረችው አዱሊስ የአክሱማውያን ትልቋ ወደብ ነበረች። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው «ፔሪፕለስ» የተባለው የነጋዴዎች መመሪያ አዱሊስን ይጠቅሳል፤ ከዚያ የሚወጣውን የዝሆን ጥርስም እንዲሁ። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የህንድ ውቅያኖስ ነፋስ እንዴት ለንግድ እንደዋለ ተጽፏል። በክረምታችን ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው መርከቦችን ወደ ህንድ ይገፋል። ወራት ቆይቶ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ መርከቦቹም አብረውት ይመለሳሉ።

አስቡት። ነጋዴው ቀጠሮ የሚይዘው ከደንበኛው ጋር ሳይሆን ከነፋስ ጋር ነበር። አንድ ወር የዘገየ ዓመት ይጠብቃል። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 525 አካባቢ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) ሲዘምቱ ሠራዊታቸውን ያሻገረው የሸራ መርከብ ነው። የአክሱም የወርቅ ገንዘብ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ከህንድ የሚመጣው ቅመምና ጨርቅ፣ የዚህ ሁሉ «ነዳጅ» ነፋስ ነበር።

እንግዲህ ወደብም አውድማም የነበረን ሕዝብ ነን። ነፋስን ማወቅ አልጎደለንም። የጎደለን ሌላ ነው።

የማይመቸው ጥያቄ

በዛሬዋ ኢራንና አፍጋኒስታን ድንበር ላይ ባለው የሲስታን ምድር ሰዎች በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ነበራቸው። ክንፎቹ ቀጥ ባለ ምሰሶ ዙሪያ የቆሙ ናቸው፤ ነፋሱ ገፍቶ ያዞራቸዋል፤ ምሰሶው ከሥሩ ያለውን የድንጋይ ወፍጮ ያዞራል። ናሽቲፋን በተባለ የኢራን መንደር የዚህ ዓይነት ወፍጮዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን በራሳቸው መንገድ ሌላ ዓይነት ሠሩ። ሆላንዶች ደግሞ እህል መፍጨቱ ሳይበቃቸው ረግረጋቸውን ያደረቁት በነፋስ ነው።

እኛ ጋ ነፋሱ አውድማው ላይ ቀረ። ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ማጀት የሚወስደው መንገድ ላይ አልተከተለንም። ምርቱ ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ሥራ የሠራችው ሴት ናት። ወፍጮና መጅ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ አንዳንዴም ልጅ አዝላ። የነገሥታቱ ሠራዊት ሲዘምት እንኳ ከኋላው የሚፈጩና የሚጋግሩ ሴቶች ይከተሉት ነበር፤ ጦርነቱን ያሸነፈው ጎራዴው ብቻ አልነበረም፣ ዱቄቱም ነው።

ለምን? «ነፋስ ስላልነበረ» እንዳንል አውድማው ይመሰክርብናል። «ድንጋይ ማዞር ስለማናውቅ» እንዳንል ዐለት ፈልፍለን ላሊበላን የሠራን ነን። የእኛ መልስ ይህ ነው። ማሽን የሚፈለገው የደከመ ሰው «ደከመኝ» ብሎ የሚሰማው ሲያገኝ ነው። አውድማው ላይ የሚደክሙት ወንዱና በሬው ናቸው፤ የሁለቱም ድካም ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ በሬ ከሞተ ቤት ይፈርሳል። ማጀት ውስጥ ያለው ድካም ግን «የሴት ሥራ» ተብሎ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። በየጌታው ቤት ደግሞ ፈጪዋ አንዳንዴ ባሪያ ነበረች። ክንድ ርካሽ ሲሆን ነፋስን ማን ይጠይቀዋል?

ሌላም ምክንያት መደርደር ይቻላል። የነፋስ ወፍጮ ብዙ እህል አንድ ቦታ የሚሰበሰብበት መንደር ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ተራርቀን የምንኖር፣ የየዕለቱን በየዕለቱ የምንፈጭ ነን። ልክ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት የሚያስረዳው ለምን አስቸጋሪ እንደነበር ነው፤ ለምን ማንም እንዳልሞከረው አያስረዳም። በመጨረሻ ከወፍጮው ድንጋይ እናቶቻችንን ያነሣቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የሞተር ወፍጮ ነው። እሱም በናፍጣ። ናፍጣውም ከባሕር ማዶ።

የናፍጣው ዘመን ሲያልፍ

ነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው እኛ ከዐድዋ ገና ሳንደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጄምስ ብላይዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ መምህር በነፋስ ባትሪ እየሞላ ቤቱን በኤሌክትሪክ አበራ። የተረፈውን ለመንደሩ መንገድ መብራት ልስጣችሁ ቢል «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እምቢ አሉት ይባላል። (አዲስ ነገር መጠርጠር የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።) በዓመቱ ቻርልስ ብራሽ አሜሪካ ክሊቭላንድ ላይ ትልቁን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ ፖል ላ ኩር የተባለ ዴንማርካዊ መምህር በአስኮቭ የሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ ምርምሩን ጀመረ፤ ሐሳቡ የገጠሩ ልጅ እንደ ከተማው ልጅ መብራት እንዲያገኝ ነበር። ከዚያ ነዳጅ ረከሰ፤ ነፋስም ተረሳ።

ነፋስን መልሶ ያስታወሰው የ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ታሪክና የዓለም ታሪክ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ይገናኛሉ። የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በ50 በመቶ ጨመረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎች በየራሳቸው ጥያቄ ወጡ፤ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ ዙፋኑ ወደቀ። ዴንማርክም ያን ጊዜ በነዳጅ ላይ ተደግፋ የቆመች ሀገር ነበረች። እሷ ግን የላ ኩርን ነገር አስታወሰች። ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ በላዩ ከነፋስ ይመጣል። በአንድ ነዳጅ አንዱ አብዮት ፈነዳ፣ ሌላው ክንፍ ተከለ።

እኛም ጋ ግን አንድ ትንሽ ነገር ተሞክሮ ነበር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእነዚያው ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሽን ከዳሰነች ሕዝብ ጋር (ያን ጊዜ «ገለብ» ይሏቸው ነበር) የወንዙን ውኃ ወደ እርሻ ለማውጣት ፈለገ። ናፍጣ እዚያ ድረስ ማጓጓዝ የማይቻል ያህል ውድ ነበር። ስለዚህ የሸራ ጨርቅ ክንፍ ያላቸው፣ በግሪኳ በቀርጤስ ደሴት ዓይነት የሚሠሩ የነፋስ ፓምፖች ተተከሉ። ፒተር ፍራንክል የተባለ መሐንዲስ ሥራውን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝኛ አሳተመው፤ ርዕሱም «ምግብ ከነፋስ ወፍጮዎች» እንደማለት ነው። ከአዱሊስ ሸራ ሺህ ዓመታት በኋላ፣ በሌላኛው የሀገሪቱ ጫፍ፣ ጨርቅ እንደገና ነፋስ ያዘ ማለት ነው።

ትንሽ ነገር ናት አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማላዊ ውስጥ ዊልያም ካምኳምባ የተባለ ልጅ ረኃብ ከትምህርት ቤት አስወጥቶት ሳለ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ያገኘውን መጽሐፍ አይቶ፣ ከብስክሌትና ከቁራጭ ብረት የነፋስ ማመንጫ ሠርቶ ቤቱን አብርቷል። ዓለም ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

መብራት በፈረቃ

አሁን ያስያዝናችሁን እናንሣ። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክን ስታስፋፋ ወንዝን መረጠች፤ ምርጫውም ስህተት አልነበረም። ቆቃ፣ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ፣ ግልገል ጊቤ... ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ኤሌክትሪካችን ከውኃ ነው። ውኃው ደግሞ በነፋስ ተጭኖ የመጣ ዝናብ ነው ብለናል። ነፋሱ ጭነቱን ሳያመጣ ሲቀርስ?

ሲቀር ምን እንደሚሆን ሁለት ጊዜ በደንብ አይተናል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁ ከጢስ ዓባይ ሁለተኛ ማመንጫ ውኃ አጠቃቀም ጋር ተደምሮ የጣናን ደረጃ ለብዙ ዓመታት ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ አወረደው። የሐይቁ መርከቦች ለወራት መጓዝ አቃታቸው፤ ከተሞችም በፈረቃ መብራት ኖሩ። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ እንደገና ጎደሉና ፈረቃው ተመለሰ። ያን ጊዜ ተማሪ የነበርን በሻማ ያጠናነውን ፈተና አንረሳውም። ጸጉር ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ኢንተርኔት ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ «የእናንተ ሰፈር መቼ ነው ተራው?» እያለ የሚጠያየቅበት ዘመን ነበር።

የነፋስ ማማዎቹ ታሪክ የሚገባን ከዚህ ጀርባ ስናየው ነው። አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቀቀ፤ 34 ማማዎች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት፤ ሠሪዎቹ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ ተመረቀ፤ በፈረንሳዩ ቨርኜ የተሠራ፣ 84 ማማዎችና 120 ሜጋ ዋት፤ ያን ጊዜ በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት በ102 ማማዎችና በ153 ሜጋ ዋት ተከተለ። ከዚያ ሶማሌ ክልል ላይ አይሻ፣ አርሲ ላይ ኢተያ አጠገብ የአሰላው መጣ። የአሰላው 29 ማማዎችና 100 ሜጋ ዋት ሲሆን የገንዘቡ ምንጭ ዴንማርክ ናት። ያ የአስኮቭ መምህር ይህን ቢሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ቁጥሮቹን ከሕዳሴው ግድብ ጋር ስታስተያዩአቸው ትንሽ ይመስላሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ እያለ ነፋስ ምን ያደርጋል?

መልሱ አውድማው ላይ አለ። ገበሬው ምርት የሚያዘራው በክረምት ነው? አይደለም። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ነው። ሰማዩ ሲጠራ፣ ወንዙ ሲቀጥን፣ ያን ጊዜ ነው ደረቁ ነፋስ የሚበረታው። ማለትም ነፋስና ውኃ ፈረቃ ገብተው የሚሠሩ ወንድማማቾች ናቸው። በበጋ ነፋሱ ሲሠራ የግድቡ ውኃ ይቆጠባል፤ ነፋሱ ሲተኛ (መተኛቱ አይቀርም) ግድቡ ይከፈታል። ሌላው ዓለም የነፋስን ኃይል ለማስቀመጥ ውድ ባትሪ ይገዛል። እኛ ጋ ባትሪው ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ግድብ ይባላል።

ታዲያ መራዊስ?

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው መራዊ ላይም ይተከልልን!» ማለቱ አይቀርም። ቸኩሎ ባይሆን ጥሩ ነው። የነፋስ ኃይል ሒሳብ ጨካኝ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለአውድማ የሚበቃው ነፋስ ለስላሳ ነው፤ እንዲያውም በጣም ከበረታ ፍሬውንም አብሮ ስለሚወስድ ገበሬው ላይዳውን ያስቀምጣል። ማማው የሚፈልገው ይህን ገበሬው የሚሸሸውን ነው። ያ ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው ያለው በሀገሪቱ ምሥራቅ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፣ በምሥራቅ ትግራይ፣ በሶማሌ ሜዳ።

የምዕራብ ጎጃም ድርሻ ሌላ ነው፤ ውኃው። ከግሽ ዓባይ የሚነሣው፣ በቆጋ ሰባት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ሊያጠጣ የተገደበው፣ ጣናን የሚመግበው። አዳማ ነፋሱ አለው፣ ጎጃም ውኃው አለው። አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲሸፍን ግን በመካከላቸው የሚዘረጋው ሽቦ መቆም አለበት። ሽቦው ከተቆረጠ ነፋሱም ውኃውም ለየብቻው ይባክናል። ይህ የመሐንዲስ ቋንቋ ነው፤ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ካለ ግን አንከለክልም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ከሀገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬም ከዚያ ሽቦ ጋር አልተገናኘም። በሜጫ ገጠር መንገድ ዳር የምታዩት ባሕር ዛፍ ሁሉ ለሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ምድጃው የሚነድደው በእንጨትና በኩበት ነው። የተገናኘውም ቢሆን አስተማማኝ መብራት አለው ማለት አይደለም። ከመካከላችን የመራዊ አካባቢ ልጅ የሆነው ባለፈው ጊዜ ለዘመድ ጥየቃ ሄዶ ያየውን ነገረን። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ሴቶች እህላቸውን በጆንያና በስልቻ አድርገው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መብራት ሄዷል። አንዷ እናት ከሩቅ ነው የመጣችው፤ ተመልሳ ነገ ብትመጣ ሌላ ግማሽ ቀን ነው። «ይመጣል?» ብላ ትጠይቃለች። «ይመጣል፣ ትንሽ ጠብቂ» ይላታል ወፍጮ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ። በየመሀሉ አምፖሉን ቀና ብላ ታያለች፤ አውድማ ላይ የቆመው ሰው እብቅ እየለቀቀ ሰማዩን እንደሚያየው።

ባሏ የሚጠብቀው ነፋስ ለብዙ ሺህ ዓመታት ቀጠሮውን አላጓደለም። እሷ የምትጠብቀው ግን ዘመናትን ዘግይቷል። የሞተር ወፍጮው መጥቶ ከድንጋዩ አስነሥቷታል፤ ደጃፉ ላይ መቀመጧ ግን አልቀረም። አዳማ ላይ የሚዞረው ክንፍና ዓባይ ላይ የቆመው ግድብ ታሪካቸው ሙሉ የሚሆነው ጆንያዋን ይዛ በመጣችበት ቀን ፈጭታ ስትመለስ ነው። ማማውን ቆጥረን፣ ሜጋ ዋቱን ደምረን ስንጨርስ የምንጠይቀው ጥያቄ ይኸው ይሁን፤ ዱቄቱ ቤት ገባ ወይ?

ቸር ሰንብቱ።